ኤፌሶን በአንድ ቀን ከእናቴ ጋር፦ የግል አስጎብኚ ልያዝ?

ሰማያዊ ነጠላ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዤ ቱርክ እሄዳለሁ። ኢስታንቡል አምስት ቀን እንቆያለን። ከአምስቱ አንዱን ለኤፌሶን ሰጥቼዋለሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ግራ ጉልበቷን ያማታል። መውጣቱን ትችለዋለች፤ መውረዱ ነው የሚያስቸግራት።

ስለ ጉዞው ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኤፌሶን እዚያ ነው አይደል? ሁለት መቶው ሊቃውንት ለጉባኤ የተሰበሰቡበት ቦታ ዛሬም አለ?» አለችኝ። እኔ ስለ ኤፌሶን የማውቀው የቤተ መጻሕፍቱን ፎቶ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ በአውቶቡስ የሚሄድ የቡድን ጉዞ ነው፤ ርካሽ ነው። ሌላው የግል አስጎብኚ ከነመኪናው፤ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ሦስተኛው ራሳችን ሄደን በስልክ እያነበብን መዞር ነው።

የግል አስጎብኚ ይዛችሁ የምታውቁ፣ ገንዘቡን ያወጣል? ከመክፈሌ በፊት ምን ልጠይቅ?

የኢዝሚሩ

ሰላም እህቴ። እኔ የምኖረው ኢዝሚር ነው። እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር ኤፌሶን እወስዳለሁ። ብቻችንን የሄድንበት ጊዜ አለ፣ አስጎብኚ የያዝንበትም ጊዜ አለ። ከእናትሽ ጋር ከሆነ የግሉን ያዢ። ይህን የምልሽ በመሬቱ ምክንያት ነው፤ ታሪኩን ሌሎች ይነግሩሻል።

ኤፌሶን ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። ሁለት በር አላት፣ የላይኛውና የታችኛው። የቡድን ጉዞ ባብዛኛው በላይኛው ገብቶ በታችኛው ይወጣል። ቁልቁለት ስለሆነ ለብዙ ሰው ይቀለዋል። እናትሽ ግን መውረድ ነው የሚከብዳቸው። መንገዱ ደግሞ እብነበረድ ነው። በሰው እግር ብዛት ልሟል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ወጣቱም ይንሸራተታል።

የራስሽ አስጎብኚ ካለሽ ይህን ትቀይሪዋለሽ። በታችኛው በር ግቡ። ታላቁ ቲያትር፣ የወደቡ መንገድ፣ የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም ወደ ታች በኩል ናቸው። መሬቱም ያን ያህል አያስቸግርም። ላይኛውን ሰፈር ማየት ከፈለግሽ እናትሽ ጥላ ስር አረፍ ይበሉ፣ አንቺ ከአስጎብኚው ጋር ቶሎ ደርሰሽ ተመለሺ። በአርባ ሰው ቡድን ውስጥ ይህን ማድረግ አይታሰብም።

አሁን ስለ ሱቅ ልንገርሽ። ይህን በደንብ አንብቢው። የጉዞው ዋጋ ከገበያው በጣም ከወረደ ልዩነቱን የሚሸፍነው ሱቅ ነው። ምንጣፍ ቤት፣ ቆዳ ቤት፣ ወርቅ ቤት። ሻይ ይቀርባል፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ቀኑ ይሄዳል። ከገዛሽ ላመጡሽ ሰዎች ኮሚሽን አላቸው። አንዴ አጎቴን ይዤ ስሄድ ፍርስራሹ ውስጥ የቆየነው ሁለት ሰዓት ነው። ቆዳ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። አጎቴ የዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን ሳያይ ተመለሰ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ «ምንም ሱቅ አንገባም» ብለሽ ጻፊላቸው፤ እነሱም በጽሑፍ ይመልሱልሽ። አፍ ለአፍ የተባለው በማግስቱ ይረሳል።

ሌላ፦ ቱርክ ውስጥ ማስጎብኘት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በ2012 የወጣ የራሱ ሕግ አለው። ፈቃድ ያለው ሰው አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል፤ እዚህ «ኮካርት» ይሉታል። ሾፌሩ «እኔው እያስረዳሁ አዞራችኋለሁ» ካለሽ አስጎብኚ አይደለም። በር ላይ አውርዶሽ ይቀራል። በስንት ቋንቋ ፈቃድ እንዳለውም ጠይቂ።

ሻንጣ አልባ

እኔ ተቃራኒውን ልበል። ያለ አስጎብኚ ነው የሄድኩት፣ የጎደለብኝ ነገር የለም።

ከኢስታንቡል ኢዝሚር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከአየር ማረፊያው ሰልቹክ ድረስ ባቡር አለ። ከሰልቹክ ፍርስራሹ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ሰልቹክ አድሬ በሩ ሲከፈት ገባሁ። ታላቁ ቲያትር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። 25,000 ሰው ገደማ ይይዝ ነበር የሚባል ቲያትር ነው። በዚያ ሰዓት እኔና ሁለት ድመቶች ነበርን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አውጥቼ እዚያው አነበብኩት። ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ሕዝቡን ሲያነሳሳ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያሉ ሲጮኹ፣ ደቀ መዛሙርቱ ጳውሎስን አትግባ ብለው ሲከለክሉት። ጩኸቱ የነበረው እዚያ ነው። ማንም ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢያወራ ያን ጊዜ አላገኘውም ነበር።

አስጎብኚ ዝም ማለት አይወድም። ተከፍሎኛልና ልናገር ይላል። ፍርስራሽ ግን ጸጥታ ይፈልጋል።

ጥንታዊ ነገር

ሻንጣ አልባ፣ የቲያትሩን ያህል ነገር ገንዘብ አይገዛውም፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። ግን አንተ ምዕራፉን አውቀህ ነው የሄድከው። ሳያውቅ ለሄደ ሰው ድንጋይ ድንጋይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቲያትሩ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊትህ ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ ታያለህ። የወደቡ መንገድ ነው። በዘመኑ ሌሊት መብራት የሚበራበት፣ ዓምድ በግራና ቀኝ የተደረደረበት ጎዳና ነበር። አሁን መጨረሻው ላይ ሳርና ረግረግ ነው። ባሕር የለም። የኩቹክ መንደረስ ወንዝ በየዓመቱ ደለል እያመጣ ወደቡን ደፈነው። ዛሬ ባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቋል። ያቺን ታላቅ ከተማ ያደከማት ትልቁ ነገር ጭቃ ነው። አስጎብኚ እጁን ዘርግቶ «መርከቦቹ እዚያ ነበር የሚቆሙት» ሲልህ መንገዱ በሙሉ ይገባሃል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ብቻዬን ሄጄ ያን መንገድ ቆሜ አይቼ «ለምን እዚህ ጋ ተቋረጠ?» ብዬ አልፌዋለሁ።

ቤተ መጻሕፍቱም እንደዚያው ነው። ሁሉም ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ሕንፃው የአንድ ሰው መቃብር መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ቲቤርዮስ ዩልዮስ ሴልሰስ የሮም ቆንሲልና የእስያ አገረ ገዥ ነበር። ልጁ ነው ያሠራለት፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። ሬሳ ሣጥኑ ከሥር አለ። ወደ 12,000 ጥቅልል ይይዝ ነበር ይባላል። የሕንፃው ፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ነበር። ዛሬ ቆሞ የምናየው የኦስትሪያ አርኪዮሎጂስቶች ከ1970 እስከ 1978 ቁርጥራጩን እየለቀሙ ያቆሙትን ነው። አራቱ የሴት ሐውልቶች ቅጂ ናቸው፤ ዋናዎቹ ቪየና ናቸው። ዓምዶቹን ደግሞ ልብ በሉ። የመሃሎቹ ከዳር ካሉት ይወፍራሉ። በሁለት ሕንፃ መካከል የተጨናነቀ ስለሆነ ሰፋ ብሎ እንዲታይ ሆን ብለው ያደረጉት ነው።

ለሰማያዊ ነጠላ የምመክረው ይህ ነው። አስጎብኚውን ከመያዝሽ በፊት ፈትኚው። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፦ እብነበረድ መንገዱ ላይ የተቀረጸ የእግር ምልክት አለ። ብዙዎች «በዓለም የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው፣ ወደ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ያመለክታል» ብለው ይናገራሉ። ለዚህ ማረጋገጫ የለም። ጥሩ አስጎብኚ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ይለየዋል።

ሁለተኛ፦ ከሄርኩለስ በር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሚወርደው በኩሬቴስ መንገድ ላይ «ኦክታጎን» የሚባል ስምንት ጎን ያለው መቃብር አለ። ውስጡ የተገኘው አፅም ለብዙ ዓመት የክሊዮፓትራ እህት የአርሲኖዬ ነው ሲባል ኖሯል። አርሲኖዬ በ41 ዓመተ ዓለም ኤፌሶን ውስጥ መገደሏ እውነት ነው። ግን በ2025 የቪየና ተመራማሪዎች የራስ ቅሉን መርምረው ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለ ወንድ ልጅ መሆኑን አሳወቁ። አስጎብኚው ይህን ካወቀ ሙያውን የሚከታተል ሰው ነው። ያዢው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰማያዊ ነጠላ

አመሰግናለሁ! የራስ ቅሉን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የበሩን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። የእናቴን ጥያቄ ግን የሚመልስልኝ አላገኘሁም። የተሰበሰቡበት ቦታ በትክክል የቱ ነው? የጉዞ ድርጅቶቹ ዝርዝር ላይ የለም።

ዳዊት ደጋሚ

እህቴ፣ እናትሽ ትልቁን ነገር ነው የጠየቁት። እግዚአብሔር ያክብራቸው።

ጉባኤ ኤፌሶን በ431 ነው። የጠራው ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ነው። ጉዳዩ የቁስጥንጥንያው ጳጳስ የንስጥሮስ ትምህርት ነበር፤ እመቤታችንን «ወላዲተ አምላክ» ማለት አይገባም የሚለው። የመጀመሪያው ስብሰባ ጁን 22 ቀን ተከፈተ። የተሰበሰቡት «ማርያም» በተባለችው ቤተ ክርስቲያን ነው። መሪው የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ነበር። ንስጥሮስ ከተማው ውስጥ እያለ አልመጣም። የአንጾኪያው ጳጳስ ዮሐንስም ገና አልደረሰም ነበር።

አንድ ነገር ለእናትሽ ንገሪልኝ። ቅዱስ ቄርሎስ በማግስቱ ገደማ ለእስክንድርያ ሰዎች የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ይላል። ውሳኔው ሲሰማ እልል አሉ። ሊቃውንቱን እስከ ማረፊያቸው ድረስ ችቦ ይዘው ሸኟቸው። ሴቶች ጥና ይዘው ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የቆመው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው።

ቦታዋ በታችኛው በር በኩል ነው፣ ከወደቡ መንገድ በስተሰሜን። በጣም ረጅም ሕንፃ ነው። ግንቡ በከፊል ቆሟል፣ የጥምቀቱ ገንዳ ክፍል ይታያል። ቡድኖች አይገቡባትም። ከዋናው መስመር ትንሽ ወጣ ትላለች፣ ሰው ደክሞት ወደ መኪናው ሲሄድ ነው የሚደርስባት። ስለዚህ ለአስጎብኚው አስቀድመሽ ንገሪው። የመጀመሪያው ማቆሚያ አድርጊያት። ለመጨረሻ ካቆየሻት ትቀራለች። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በሩ ላይ ሆኜ «ያቺ ናት» ተብላ ከሩቅ ታየችኝ።

እኛ ዘንድ የዚያ ጉባኤ ድምፅ አሁንም አለ። «ቄርሎስ» የሚባለው የግእዝ መጽሐፍ ውስጥ ኤፌሶን ላይ የተሰበኩ ስብከቶች አሉ። የተተረጎመውም በአክሱም ዘመን ከግሪክ ነው።

ቤቲ ቲ

የማርያም ቤት የሚባለውስ? ተራራው ላይ ያለው? ሁሉም የግል ጉዞ ውስጥ አለ። እሱን ነው ሰው የሚያወራው።

ዳዊት ደጋሚ

እሱ ሌላ ነው። ሁለቱን አታምታቱ። ቤቱ ቡልቡል ተራራ ላይ ነው፣ ከሰልቹክ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ። መግቢያው ለብቻ ይከፈላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው የተገኘው። አና ካተሪና ኤመሪክ የምትባል ጀርመናዊት መነኩሲት ያየችውን ራእይ ተከትለው የሄዱ የፈረንሳይ ቄሶች ናቸው ያገኙት። የሮም ጳጳሳቱ ጳውሎስ 6ኛ በ1967፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979፣ ቤኔዲክት 16ኛ በ2006 ተሳልመውታል። በእኛ ትውፊት ግን የእመቤታችን ዕረፍት በኢየሩሳሌም፣ መቃብሯም ጌቴሴማኒ ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ብዙ ሰው በእምነት የሚጸልይበት ቦታ ነው፣ ሙስሊሞችም ይሄዳሉ። ቀኑ አንድ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ያንን ሰዓት ለቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ።

የኢዝሚሩ

በዮሐንስ እስማማለሁ። ሰልቹክ ከተማ ውስጥ ነው፣ አያሱሉክ ኮረብታ ላይ። ንጉሡ ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐዋርያው መቃብር ላይ ያሠራው ነው። እዚያ ላይ ቆመሽ ወደ ምዕራብ ስታዪ የኢሳ በይ መስጊድ አለ፣ በ1375 የተሠራ። ከሱ አልፎ ሜዳው ላይ አንድ ዓምድ ብቻዋን ቆማለች። ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የአርጤምስ ቤተ መቅደስ የቀረው እሱ ነው። እሱም ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የቆመ ነው። ሽመላ ጎጆዋን ትሠራበታለች። ሦስቱን በአንድ እይታ ታያቸዋለሽ።

ዓምዱ ጋ መግቢያ አይከፈልም። አስር ደቂቃ ይበቃዋል። «ይኼ ብቻ ነው?» ብሎ የማያዝን ሰው አላየሁም። ጠቅላላ 127 ዓምዶች ነበሩት ብሎ ጽፏል የሮሙ ጸሐፊ ፕሊኒ።

አቡ ያሲር

ሰላም ወገኖች። ሰባቱ ወጣቶች የተኙበት ነው የሚባለው ዋሻም እዚያው አካባቢ አለ። ለእኛ አስሃቡል ከህፍ (የዋሻው ሰዎች) ናቸው፣ ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ከህፍ ላይ ታሪካቸው አለ። ክርስቲያኖችም ታስቧቸዋላችሁ። እኔ ለሱ ስል ነው የሄድኩት። ዋሻው እኛ ጋ ነው የሚሉ ቦታዎች ሌላም አገር አሉ፤ እንደዚያም ሆኖ ማየቱ ደስ ብሎኛል። አስጎብኚዬ «ለቱሪስት የሚሆን ነገር የለውም» ብሎ ሊያሳልፈኝ ነበር። የግል ስለነበረ እምቢ ማለት ቻልኩ። ቀኑ የኔ ነው፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ። አንቺም እናትሽ ያሉትን አጥብቀሽ ያዢ።

ቤቲ ቲ

ስለ ዋጋ ማንም አላነሳም። የአስጎብኚው ክፍያ ብዙ ጊዜ መግቢያን አይጨምርም። መግቢያው በዩሮ ነው የሚተመነው። እኔ በ2024 ስሄድ ፍርስራሹ 40 ዩሮ ነበር። የተዳፋቱ ቤቶች የሚባሉት የሀብታሞቹ መኖሪያዎች ሌላ 15 ዩሮ ናቸው። ለሁለት ሰው ስታባዢው ከባድ ነው። «ሁሉን ያካተተ» ሲሉሽ ምን ምን እንደሚያካትት አስቆጥሪያቸው።

ቤቶቹን ግን አትዝለያቸው። ግዙፍ ጣሪያ ተሠርቶላቸዋል። የግድግዳ ሥዕልና የወለል ሞዛይክ በቦታው አለ። እኔን የገረመኝ ግድግዳው ላይ የተጫጫረው ነው። የወጪ ሒሳብ ጽፈዋል፣ ሽንኩርት ምናምን። ያለ አስጎብኚ ባላየሁት ነበር። ደረጃው ግን ብዙ ነው። እናትሽ ባይገቡ ይሻላል።

ሰማያዊ ነጠላ

ተመለስን! እንዴት እንደሆነልን እጽፋለሁ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ያናገርኩት ድርጅት አልሆነም። «ሱቅ አንገባም» ብዬ ስጽፍ ዋጋው ወዲያው ጨመረ። የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ስጠይቅ የተራራውን ቤት ፎቶ ላኩልኝ። ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው፣ ሁለት ጊዜ ያንኑ ላኩ። ተውኳቸው። ከዚያ አንዲት ፈቃድ ያላት አስጎብኚ አገኘሁ። ሰልቹክ ነው የምትኖረው። ስጽፍላት በጥያቄ መለሰችልኝ። «እናትሽ ስንት ደቂቃ ሳያርፉ ይራመዳሉ? ሙቀት ይከብዳቸዋል? ለመጸለይ ጊዜ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ያኔ ልቤ አረፈ።

ጠዋት ኢዝሚር አየር ማረፊያ ጠበቀችን። ባጇ አንገቷ ላይ ነበር። መጀመሪያ የሄድነው ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ነው። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ረጅም ግንብ፣ ሰማይ የሆነ ጣሪያ፣ በየድንጋዩ መካከል ሳር። እናቴ መግቢያው ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። አስጎብኚዋ እሾህ አለ አለቻት። አልሰማቻትም። አውልቃ ገባች።

አስጎብኚዋ ከመጀመሪያው አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ጉባኤው እዚህ ነው። ሌላውን በኋላ እነግራችኋለሁ» ብላ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሻንጣ አልባ፣ አንተን አስታወስኩህ። ዝም የሚል አስጎብኚም አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ውዳሴ ማርያም የዕለቱን ደገመች። ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ሆናለች። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ግንቡን ተደግፌ ቆየሁ።

ከጨረሰች በኋላ ዳዊት ደጋሚ የጻፍከውን ደብዳቤ ነገርኳት። ጥና የያዙት ሴቶች ጋ ስደርስ አለቀሰች። ለአስጎብኚዋም በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት። ችቦውን ታውቀው ነበር። «ቄርሎስ» የሚባል የግእዝ መጽሐፍ እንዳለ ግን አልሰማችም። ስሙን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እናቴ ፊደሉን አስተካክላ ጻፈችላት።

ከዚያ ቲያትሩ፣ እብነበረድ መንገዱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ። እዚያ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። የክሩዝ መርከብ ሰዎች ከላይ መውረድ ጀመሩ። ኩሻዳሲ ወደብ ቅርብ ነው፤ መርከብ በገባ ቀን መንገዱ ይሞላል። አስጎብኚዋ የመርከቦቹን ፕሮግራም አይታ ነበር። ሕዝቡ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሳይደርስ እኛ ፎቶ ተነስተን ጨርሰናል።

እናቴ ሾላ ዛፍ ስር አረፈች። ውሃና ፍሬ ይዘን ነበር። እኔና አስጎብኚዋ የተዳፋቱን ቤቶች አየን። ቤቲ፣ የወጪውን ሒሳብ አሳየችኝ! ከ1,700 ዓመት በፊት የሆነ ሰው የሽንኩርት ዋጋ ግድግዳ ላይ ጫረ፣ እኔ ዛሬ ቆሜ አየሁት። ለኔ ከቤተ መጻሕፍቱም ይህ በልጧል።

አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ለእናቴ አዲስ ጫማ ገዝቼላት ነበር፣ ሶሉ ለስላሳ። እብነበረዱ ላይ አንሸራተታት። አስጎብኚዋ ክንዷን ይዛ አተረፈቻት። ለአዋቂ ሰው የጎማ ሶል ያለው፣ የለመዱትን ጫማ አድርጉላቸው።

ከሰዓት ዮሐንስ ሄድን፣ ዓምዱን አየን። ሽመላዋ ነበረች። ሰልቹክ ያለውን ሙዚየም አልደረስንበትም። የተራራውን ቤት ተውነው፤ እናቴም አልጠየቀችም። ሱቅ አልገባንም። ማታ ኢስታንቡል ሆቴላችን ነበርን።

የኢዝሚሩ

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። ለአስጎብኚዋ የላክሽላትን መልእክት እዚህ ብታስቀምጪው ሌላ ሰው ይጠቀምበታል።

ሰማያዊ ነጠላ

ይኸው፣ እንዳለ፦

«ሁለት ሰዎች ነን። እናቴ መውረድ ይከብዳታል፣ በታችኛው በር ገብተን በዚያው እንውጣ። መጀመሪያ የምናየው የ431ዱ ጉባኤ የተካሄደበትን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተራራውን ቤት አይደለም። እዚያ ግማሽ ሰዓት እንቆያለን። በየሃያ ደቂቃው እናርፋለን። ሱቅ፣ ምንጣፍ ቤት፣ ቆዳ ቤት አንገባም። ክፍያው መኪናን፣ መግቢያን፣ መኪና ማቆሚያን ይጨምር እንደሆነ ለየብቻ ጻፊልኝ። ጊዜ ካነሰ የሚቀረው ሙዚየሙ ይሁን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በጣም ጠቅማናለች። የሚቀረውን አስቀድሜ ስለወሰንኩ ቀኑ ሲያጥር አልተጨቃጨቅንም።

ጥንታዊ ነገር

የራስ ቅሉንስ ጠየቅሻት?

ሰማያዊ ነጠላ

ጠየቅኳት። በጽሑፍ ሳይሆን እዚያው ኦክታጎኑ ጋ። እናቴም እስከዚያ ቀስ ብላ ወጥታ ነበር። አስጎብኚዋ ትንሽ ዝም አለች። «ለብዙ ዓመት አርሲኖዬ ናት ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። አሁን አንድ ልጅ ነው እላለሁ። ስሙን የሚያውቅ የለም» አለችን።

እናቴ «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብላ አስጠየቀችኝ። ነገረቻት። እናቴ ወደ ድንጋዩ ጠጋ ብላ «ነፍስ ይማር» አለች።